ወደ ውስጥ የሚባል «አዎ»

ጃንዋሪ 6፣ ማክሰኞ። ከሥራና ከገንዳ መልስ።
የዋና ልብሴ የማሞቂያው አፍ ላይ ተሰጥቷል። ፀጉሬ አሁንም ክሎሪን ይሸታል። ውጭ በረዶ፤ እኔ የሞቀ ባሕር ካርታ ዘርግቼ ቁጭ።
ማስታወሻዬ፣ ላንተም ልገልብጥልህ። በግራ የሜክሲኮ ጠረፍ፣ በቀኝ ኮዙሜል ደሴት፣ መሃል የማያርፍ የውሃ ጅረት። ጠረፉ ጋ ወለሉ አሸዋ ነው፤ በዚህ ወቅት እርጉዝ ሻርኮች ይመጣሉ አሉ። ለምን እዚያ? ማን ነገራቸው? ደሴቲቱ ጋ ደግሞ ገደል። ከባሕር በታች ገደል! መዋኘት የለም፣ ጅረቱ ይዞህ ይሄዳል፤ ጀልባዋ አረፋህን እያየች ከላይ ትከተላለች። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ገደል አይገርመኝም። የሚንሳፈፉበት ገደል ግን አይቼ አላውቅም።
ወደዚያ የሚወስደን የጠለቃ ኢንስትራክተራችን ኮሊን ፎርም ሰጥቶናል። የጉዞው የመጨረሻ ቀን ዳይቭ፣ ጠለቃው፣ የት ይሁን፣ አሸዋው ወይስ ገደሉ? ባዶ ተውኩት።

ጃንዋሪ 8፣ ሐሙስ።
ጋሼ ታደለ ደወሉ። ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሆነው እኔ የምሠራበት ማገገሚያ ተኝተው ሳለ ነው የተዋወቅነው። አሁን ሬድስቶን፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ስለ ዳህላክ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቀይ ቀለም ይጠፋል፣ ደምህ ራሱ አረንጓዴ ይመስላል አሉኝ። አላመንኩም። ፈልጌ አነበብኩ፤ እውነት ነው። «የደሴ ልጅ ለደሴት» እያሉ ይስቁብኛል።

ጃንዋሪ 13፣ ማክሰኞ።
ወደቅኩ።
ኮሊን ለብቻዬ ጠራኝ። ትደነግጫለሽ አለ። ዝግጁ ነሽ ወይ ባለኝ ቁጥር ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፤ እንዲህ ሆኜ ባሕር አያወርደኝም። የቀረው ፈተና አንድ፣ የዛሬ ሳምንት። ካላለፍኩ ሌሎቹ ሲጠልቁ እኔ ጀልባ ላይ ጫማ እጠብቃለሁ።
አልደነገጥኩም! ወይስ ደንግጬ አላወቅኩም? በአርባ አንድ ዓመቴ ነው ዋና የተማርኩት። አፈርኩ። እራት አልበላሁም።

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ።
ተገኘ! ተገኘ!
ለጋሼ ታደለ ነገርኳቸው። ሲያጽናኑኝ እኔ እየተቀበልኩ። በመሃል ድንገት ሳቃቸው ፈነዳ።
«አንቺ፣ አሁን ምን አልሽኝ?»
«ምንም አላልኩም ጋሼ፣ አዎ ነው ያልኩት።»
«እንዴት አድርገሽ?»
አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ፦ እ! እንደ ማንኛችንም። ኮሊን «ሬዲ?» ሲለኝ የምመልስለት ይህንኑ ነው። እሱ የሚሰማው የምትሰምጥ ሴት። የአገሬ አዎ ለፈረንጅ ጣር ሆነበት!

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ። ከገንዳ መልስ።
ገና የአየር ታንኩን ሳላዝል ነገርኩት። አይ ኮሊን፣ የኛ «የስ» ወደ ውስጥ ነው የሚገባው አልኩ። አሳዪኝ አለ። አሳየሁት። ራሱ ሞከረና ትን አለው።
ወረድን። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ማስኬን አወለቅኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መልሼ አጠለቅኩ፣ ውሃውን በአፍንጫዬ ነፍቼ አስወጣሁ። በጣቱ ቀለበት ሠርቶ ደህና ነሽ ወይ አለ። እኔም ቀለበት። ግን ልማድ ክፉ፣ ትንፋሼም እ! አለ፣ በአፌ በያዝኩት መተንፈሻ፣ በሬጉሌተሩ ተሰማ። ኮሊን አረፋ በአረፋ ሆኖ ሳቀ።
አለፍኩ።

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ።
ሻንጣ ተዘግቷል። በረራ ነገ ጠዋት።
ላንተ አልዋሽም። ማስኩን ባወለቅኩባት ቅጽበት ፈራሁ። በጣም። ኮሊን በትንፋሼ ተሳሳተ እንጂ በፍርሃቴ አልተሳሳተም። ፎርሙ አሁንም ባዶ ነው፤ እጄ አሸዋው ላይ ምልክት ሊያደርግ ደርሶ ነበር።
ጋሼ ታደለ ሊሰናበቱኝ ደወሉ። እንዳላፍር ብዬ ቶሎ ጠየቅኳቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይፈሩ ነበር ወይ?
እኚያ ወሬ የማያልቅባቸው ሰውዬ ዛሬ ስለ ዳህላክ አልጀመሩም።
በቀስታ፣ ወደ ውስጥ፦ እ!
እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ገደሉ።