ሁለት ሳንቲሜትር

ጥቅምት 3 ቀን 1962፣ ሰኞ
ጎመን ኮተኮትኩ። ሁለት መደብ። ከሰዓት በኋላ የሰበታው ሙያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መጣ። ባጀት ስለተቀነሰ የእንጨት ሥራው ክፍል ከገና በኋላ ሊዘጋ ነው። አርባ ተማሪ... ወዴት ይሄዳል?

አንድ ተስፋ አለ። ዩኒቨርሲቲውም ባጀት ተቀንሶበት የምሕንድስና ተማሪዎቹ የንድፍ ጠረጴዛ አጥተዋል። ጣውላው ከነሱ፣ ሥራው ከኛ። በምላሹ ተማሪዎቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ሒሳብ ያስተምሩልናል። ከሠላሳው ጠረጴዛ መጀመሪያ ስድስት ለናሙና። ከተቀበሉት ክፍሉ ይተርፋል።

"ልኩን እርስዎ ይቆጣጠሩልን" አለኝ። እሺ አልኩ። ባለቤቴ ሙሉዬ፣ "ጡረታ የወጣህ መስሎኝ ነበር" አለች።

ጥቅምት 11
የክፍሉ አስተማሪ ኦቦ ቦጂያ በክንዳቸው ነው የሚለኩት። ንድፉ ወርዱ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ይላል። እሳቸው "ክንድ ከስንዝር" ይላሉ።

"ኦቦ ቦጂያ፣ ዩኒቨርሲቲው ክንድዎን አያውቅም።"

"ክንዴም ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ግን ተሳስቶ አያውቅም።"

ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩበትን የእንጨት ሜትር ከቤት አመጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ብቻ አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ይሳቁ።

ጥቅምት 24
ጣውላውን ሁሉ ራሴ ለካሁ። ሁለት ሁለት ጊዜ። ኦቦ ቦጂያ ክንዳቸውን አጋድመው "አጠረ" አሉ።

"ክንድዎ ረዝሞ ይሆናል።"

"በዚህ ዕድሜዬ? ያ ዋቃ፣ አምላኬ..."

ጣውላው በኔ ልክ ተቆረጠ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
ከዩኒቨርሲቲው የመጣው መምህር ዳኜ ነው፤ የዱሮ ተማሪዬ። ደስ አለኝ። የኪስ ሜትሩን መዘዘ። ሰባ ሦስት። ቀጣዩም ሰባ ሦስት። ስድስቱም።

"ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ መቀበል አልችልም።"

የኔን ሜትር አንስቶ ጫፉን አየ። "ይሄ እኮ ከሁለት ነው የሚጀምረው።"

ያኔ ትዝ አለኝ። በ1949 የተኛ ተማሪ ልቀሰቅስ ዴስክ ስመታ ጫፉ ተሰበረ። ራሴ በቢላዋ አስተካከልኩት። ሳስተምር ሁልጊዜ ከአሥር ጀምሬ ነበር የምለካው። ስድስት ዓመት ጡረታ... ረሳሁት። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ዴስኩ የማን ነበር?" አልኩት።

"የኔ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። አርባ ልጅ በኔ ምክንያት? ዳኜ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጠን።

ኅዳር 15
ጠዋት ሄጄ፣ "ክንድዎ ትክክል ነበር" አልኳቸው።

"ይድገሙልኝ። ተማሪዎቹ አልሰሙም።"

ደገምኩ። ከዚያ ወደ ሥራ። በየጠረጴዛው ፊት ሁለት ሳንቲሜትር ዘንግ በኮላ ይቀጠላል። ኦቦ ቦጂያ ዘንጉን መሐል መሐሉን በመሮ ቦረቦሩት። ለምን? አልነገሩኝም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ
ዳኜ ለካ። ሰባ አምስት። እርሳሱን ዘንበል ያለው ጠረጴዛ ላይ ለቀቀው። ተንከባልሎ ቦዩ ውስጥ ቆመ። ደግሞ ሞከረው።

"ይሄ ንድፉ ላይ የለም።"

"ስህተቱም አልነበረም" አሉ ኦቦ ቦጂያ።

የቀሩት ሃያ አራቱም ቦይ እንዲኖራቸው አዘዘ። እሱና ርዕሰ መምህሩ ውሉን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረሙ። ማታ ጥሩ በላሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ
አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሒሳብ ሊያስተምሩ መጡ። አንዱ ቦታ ሰጥቶኝ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዴስክ የሚመታ የለም።

ስወጣ ኦቦ ቦጂያ ሜትሬን ሰጡኝ። ጫፉ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ወይራ ቀጥለውበታል። መጋጠሚያው በጣት እንኳ አይታወቅም። ትክክል መሆኑን እዚያው አረጋገጥኩ...

በክንዳቸው።