በጠመኔ የነጣ ጨርቅ

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ብነግርሽ ግን ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈርቼ መጻፍ መረጥኩ። ፊደል ብሳሳት አትሳቂብኝ።

እዚህ የማጸዳበት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ትልልቆቹን የማቀዝቀዣ ማሽኖች ከምድር ቤት ወደ ጣሪያ እያዛወሩ ነው። ማረፊያው ግን አንድም ቀን አይዘጋም። ለሥራው ካቆሙት የጣውላ ግድግዳ ወዲያ መንገደኛ ሻንጣውን ይጎትታል፣ ወዲህ ሠራተኞቹ ቱቦ ይቆርጣሉ። አሮጌውና አዲሱ ቱቦ እንደ መንታ ጎን ለጎን ስለተዘረጉ፣ የሚቆረጠው ላይ በጠመኔ መስቀል ይደረግበታል፤ ውሃ ያለበት ላይ ክብ።

ምልክቱን የሚያደርጉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ቱቦ ይሏቸዋል። ከመጣሁ ጀምሮ ቆም ብለው እንዴት አደርሽ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንቺ እኮ እንደ አዲሱ ፓምፕ ድምፅ የለሽም፣ መሥራትሽ የሚታወቀው የቆምሽ ቀን ነው ብለው ያስቁኛል።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቱቦዎቹ አቧራ ለብሰዋል አለችኝ። የምልክቱን ነገር ያኔ አላውቅም ነበር። ልጅ የሞነጫጨረው መስሎኝ ሁሉንም ወልውዬ እንዲያብረቀርቁ አደረግኳቸው።

ቆራጩ መጥቶ መስቀሉን ቢያጣው በግምት መጋዙን አስነሳ። ጋሼ ሮጠው ደረሱና መዳፋቸውን ቱቦው ላይ ቢያሳርፉ ቀዘቀዛቸው። አቁም፣ ውሃ አለበት ብለው ጮኹ። ለጥቂት ተረፍን እንጂ የመንገደኞቹ አዳራሽ ሕፃናት እንደያዘ በጎርፍ ይሞላ ነበር።

የሥራው መሐንዲስ እየተቆጣ መጣ። ምልክት ያላደረገው ማነው አለ። እኔ ጨርቄን እንደያዝኩ ደርቄ ቆሜያለሁ፤ ጨርቁ በጠመኔ ነጥቷል። አፌ አልከፈት አለኝ። ጋሼ ጨርቁን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና ላባቸውን ጠረጉበት። ግንባራቸው ዱቄት የነካው መሰለ። ከዚያ፣ እርጅና ነው ጌታዬ፣ ረስቼው ነው አሉ። መሐንዲሱም እንግዲያው ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መሣሪያዎን ያስረክቡ አላቸው።

ሲወጡ ጨርቁን መለሱልኝ። እጠቢው ልጄ አሉኝ።

እማ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ዛሬ ግን የኔን ዝንብ እሳቸው ዋጡልኝ። ትንሽ ሳለሁ አባት ምን እንደሚመስል ስጠይቅሽ ዝም ትዪ ነበር። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

ስትጸልዪ እሳቸውንም አስቢያቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን እኔ ባላውቀው እግዜር ያውቀዋል። አንቺንም ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልኝ። ሥራዬን ባጣ አትዘኚብኝ።

ጨርቁን አላጠብኩትም። ነገ ከሁለት ሰዓት በፊት ይዤው መሐንዲሱ ቢሮ እገባለሁ።

ዝምተኛዋ ልጅሽ