አርባ አንድ የአደራ ካሜራዎች

ውድ ወዳጄ፣

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ ሦስት ሳምንት አፌን ዘጋሁ። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የፊልም ካሜራ ስናድን ከርመን፣ አንድ ቀን እንኳ ቤትህ ጠርተኸኝ አታውቅም። «ቤቱ ጠባብ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ሞኙም አምኜህ። ቀብርህ ላይ እንኳ ማንም ስለማያውቀኝ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ባለፈው እሑድ ግን አላስችል ቢለኝ፣ አድራሻህን ታስተምርበት ከነበረው ትምህርት ቤት ዘበኛ ጠይቄ ባለቤትህን ላጽናና ሄድኩ። ሊፍት ጠጋኝ መሆኔንና ካንተ ጋር ካሜራ እሰበስብ እንደነበር ስነግራት ፊቷ ልውጥ አለ።

«ሰውየው እርስዎ ነዎታ» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተችው። አርባ አንዱም ካሜራዎችህ እዚያ ተደርድረዋል። ያ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው አለ። ያ መዝጊያው ተጣብቆ አራት ወር የታገልኩት አለ። ሌንሶቹ ከላይና ከታች ስለሆኑ «ሁለት ዓይናው» ያልነውም መሐል ላይ ጉብ ብሏል። ዕቃዬን እንድወስድላት ጠየቀችኝ፤ በጨዋ ደንብ፣ ግን ጥርሷን ነክሳ።

ለካ ገዝተህ ያስገባኸውን ሁሉ «የጓደኛዬ አደራ ነው» ስትላት ኖረሃል! ሚስቴ ከነካሜራዬ አባራኝ መግቢያ አጥቼ ነው አሉ። ሚስት አግብቼ የማላውቀውን ሰውዬ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላየችኝ ሴት ስታዝንልኝ፣ ከዚያ ስትሰለቸኝ፣ በመጨረሻ ስትረግመኝ ኖራለች።

ሌላም አለብህ። ዝናቡ ሲበረታ የእኔ ሌንሶች ሻጋታ ሲያወጡ ያንተ ብርጭቆ መስለው ይከርሙ ነበር። ምስጢሩን ስጠይቅህ አፍህን ሞልተህ «የአያያዝ ጉዳይ ነው» ትለኛለህ። አያያዙ የእሷ ነው! አዋላጅ ሆና ከምትሠራበት ማዋለጃ ክፍል ደክሟት ስትመለስ አንድ በአንድ በብሩሽ የምትጠርጋቸው እሷ፤ እርጥበቱን እንዲመጥ ደረቅ ሩዝ በትንንሽ ከረጢት ሰፍታ ከየጎናቸው የምታስቀምጥ እሷ። የሰው አደራ እጄ ላይ እንዳይበላሽ ብዬ ነው አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ሁለት ዓይናውን ሳይ ልቤ ከጅሏል። ጭኜያቸው ብሄድ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ተመርቄ ነበር የምወጣው። በሕይወት ሳለህ ማላከኪያ አደረግኸኝ፤ ሞተህ ደግሞ ወይ ሌባ ወይ አሳባቂ ሁን ብለህ ፈረድክብኝ።

አሳባቂነቱን መረጥኩ። ሁሉም ያንተ እንደሆኑ፣ የእኔዎቹ ከአልጋዬ ሥር እንደሚገኙ ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስንት ያወጣሉ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ምን ታነሳባቸው እንደነበር ጠየቀችኝ። ደረጃ፣ ጣራ፣ የተዘጋ የሱቅ በር አልኳት። ሌላስ ምን ነበረህ?

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህ ሁሉ ካሜራ እቤቴ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ እኔን አላነሳኝም። ምን ታደርገኛለች ብሎ ነው እንዲህ የፈራኝ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። አንድ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ብርሃን እስኪወድቅ ግማሽ ሰዓት ያስገተርከኝ ሰው! ጥያቄው ያንተ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ፊልም ነበረኝ። ላንሳዎት ወይ አልኳት። አሰበችና ነጠላ ጫማዋን ቀይራ መጣች፤ እግሯ ፎቶው ላይ እንደማይወጣ እያወቀች። ሁለት ዓይናው ውስጥ ፊልሙን አስገባሁና መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት። «ልሳቅ?» አለችኝ። እንደወደዱ አልኳት። አልሳቀችም።

ትናንት አጥቤ አትሜ ወሰድኩላት። ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ፊልም እንዴት እንደሚገባ አሳዩኝ አለች። ሁለት ጊዜ ተበላሸባት፤ በሦስተኛው ያዘላት። ካሜራዎቹ የትም አይሄዱም፤ የእሷ ናቸው። ሽጪያቸው የሚል ዘመድ ካለ መልሱን ከእሷው ይሰማል።

አንዱን ቅጂ ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሌንሱን ቀጥ ብላ ስታየው የምታየው እኔን አይደለም፤ አንተን ነው። በጣም ተቆጥታለች። በጣም ደግሞ ታምራለች፤ አንተ ግን ይህን ሳታይ ሄድክ።

ገና ያልበረደለት ወዳጅህ