ታፈረ በትንሿ ስክሪን

ጥቅምት 6
ዛሬም ጌም ቤቱ ባዶ። በዚህ ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ ማን ጌም ይጫወታል? ባለቤቱ ጁነይዲ ከሰዓት ዘጋና፣ "ስንዱ፣ በቃኝ። ዕቃዬን ጭኜ አዲስ አበባ ልገባ ነው" አለኝ። የጌም ማሽኑንም? አልኩት። "ማሽኑንም።"
ማሽኑ ላይ ያለውን የዱላ ፍልሚያ ጌም ከጁነይዲ ጋር ነው የሠራነው። ከተፋላሚዎቹ አንዱ ታፈረ ነው፣ ወንድሜ። ጓሮ ውስጥ ዱላ ይዞ ሲዘል በሞባይል ቀርፀን ጌሙ ውስጥ አስገባነው... በመተማ አድርጎ ሱዳን ከመሄዱ በፊት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።
ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?

ጥቅምት 8
ነገርኳት።
ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጌም ቤት ጎራ ሳትል አታልፍም። ቁልፉን ትጫናለች፣ ታፈረ ይዘላል። ስክሪኑን በስልኬ ቀርጬ ባሳያት፣ "ይሄማ ሥዕል ነው። ያኛው ስነካው ይታዘዘኛል" አለች።
ጁነይዲ በእጅ የሚያዝ አሮጌ የጌም መጫወቻ ሰጠኝ። "ጌሙ እዚህ ላይ ከገባልሽ ያንቺ ነው። እስክሄድ በኮምፒውተሬ ሥሪ።"
ይገባ ይሆን? እንጃ።

ጥቅምት 13
አልገባም። ሜሞሪው አይበቃም። ሌሎቹን ተፋላሚዎች በሙሉ አጠፋኋቸው። ታፈረ ብቻውን ቀረ። አሁንም ይከብደዋል... መብራት ሄደ።

ጥቅምት 17
የማሽኑ ቁልፍ ስድስት፣ የዚህ አራት። የቱን ምት ልተው?
እንቅስቃሴውንም መቀነስ ግድ ሆነ። የዝላዩን መሐል ስቆርጠው... ከመሬት ይነሳል፣ ወዲያው መሬት ነው። ካሸነፈ በኋላ የአንገት ፎጣውን መለስ የሚያደርጋት ነገርም ሄደች። ማንም አድርግ ያላለው፣ የራሱ አመል ነበረች።
ጁነይዲ፣ "ፊቱን አሳንሺው፣ ይቀላል።"
ፊቱን?

ጥቅምት 19
ፊቱን አሳነስኩት። ሠራ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 21
ማሽኑ ተጫነ። ጁነይዲ ሊሰናበተን ቤት መጣ። "እትዬ የሺ፣ ይኸው፣ ታፈረ እቤትዎ ድረስ መጣልዎት።"
እማዬ መነጽሯን አደረገች። ቁልፉን ተጫነች። ዘለለ። እንደገና። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው።
"ይሄ ማነው?"
"ታፈረ ነዋ፣ እማዬ።"
"አይደለም።"
ቁጣ እንኳ የለባትም። መጫወቻውን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችልኝ። ጁነይዲ አቀርቅሮ ወጣ።

ጥቅምት 23
የነፍስ አባታችንን ቄስ አበባውን አስጠራች። "አባ፣ ለልጄ ፍትሐት ይፈታለት።"
ደነገጡ። "የሺ፣ ሞቱን ያረዳሽ ሰው አለ እንዴ?"
"የለም። የሚያረዳኝም የለም። ግን እስከ መቼ አባ? እኔም ፊቱ እየጠፋኝ ነው..."
ለዚህ ነው የለፋሁት? ላቆይላት ብዬ...
ቄስ አበባው፣ "እግዜር ያጥናሽ" አሉ።

ጥቅምት 24
ጎረቤት ደጃችን ላይ የለቅሶ ድንኳን ተክሏል። እማዬ ጥቁር ልብሷን ከሣጥን አወጣች። አንድ ለእኔም አቀበለችኝ። አልለብስም ልላት ነበር... እጇን ዘርግታ ቆማ ቀረች።
ለበስኩ።