መታወቂያ ላላቸው ብቻ

ይድረስ ለክቡር አቶ ቃለጽድቅ
በሪያድ የ«ወገን ለወገን» መረዳጃ ማኅበር የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባዲዓ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ከርመዋል? በምርጫው ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ እስኪመሽ ድረስ «ኢቃማ የሌለው ወደ ኋላ!» እያሉ ሲጣሩ የዋሉበት ጉሮሮዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አዲሱ መኪናዎም ደህና ይሁኑልኝ። ስለ እኔ ጤና ቢጠይቁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እናገራለሁም። ይህን ለማለት የማትችል እህት ስላለችን ነው ብዕር ያነሳሁት። ለእርስዎ ብቻ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ በማንበብ እንዳላደክምዎት ብዬ አራተኛውን ሕዝብ ሁሉ እንዲያነብልዎት በአደባባይ አውጥቼዋለሁ።

«ማን ነሽ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነውና። በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ያወጣልኝ ስም ወለተማርያም ነው። በመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሁላችንም ኢቃማ በምንለው ካርድ ላይ ግን ስሜ ሰሊማ ነው፤ ደላላው ፓስፖርት ሲያወጣልኝ «በዚህ ስም ቶሎ ትሄጃለሽ» ብሎ የሰጠኝ ነው። እውነቱን ነው፣ ቶሎ ሄድኩ። ያኔ ከጎኔ የተቀመጠችው፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ ደንግጣ እጄን ይዛ እስኪያርፍ ያልለቀቀችው ልጅ አፊፋ ናት፤ የሐርቡ ልጅ። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም እሷ ናት።

አፊፋ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዐዚዚያ ሰፈር ውስጥ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ራሷን ነው የተጎዳችው፤ ዓይኗን ትገልጣለች እንጂ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልወጣትም። ካርዷን ትታ ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ስለሆነች፣ በእጇም አንዳች ወረቀት ስላልነበረ በሆስፒታሉ ከአልጋዋ ራስጌ «መጅሁላ» ተብሎ ተጽፎላታል፤ ያልታወቀች ሴት ማለት ነው። እዚያ በጽዳት የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት አይታ የነገረችን። ሆስፒታሉን አልወቅስም፤ አጥቦ፣ አክሞ፣ አብልቶ አስቀምጧታል። የጠየቀን ነገር ቢኖር የማኅበራችን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤና ስሟን የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት ነው። ያ ከመጣ ስሟ ይመዘገባል፣ ወደ እናቷም ትሄዳለች። ማኅተሙ ግን በዚያው ሰሞን ለምርጫው ንጽህና ሲባል በኮሚቴው ካዝና ታሽጎ ነበር። ሦስቱ ደብዳቤዎቼ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያወጡት የሚለምኑ ነበሩ። በሰው በኩል «ተመራጩ ተጠሪ ይምጣና ይፈርማል፣ ታገሡ» ብለው ላኩብኝ። እኛም የምትታገሠው አፊፋ ስለሆነች ታገሥን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ «የመምረጥ መብት የጸና ኢቃማ በእጁ ላለ አባል ብቻ ነው» የሚለውን ደንብ ስላወጡ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። የማኅበሩ መተዳደሪያ የመጀመሪያው መስመር «ወረቀት ለሌላቸው ወገኖች መድረስ» ስለሚል፣ ወረቀት የሌላቸው ወገኖች የሚደርስላቸውን ሰው እንዳይመርጡ መከልከሉ ድካማቸውን ይቀንስላቸዋል። ኢቃማ ያለን የቤት ሠራተኞችም ብንሆን ካርዳችን የሚቀመጠው በአሠሪያችን መሳቢያ ነው። ማዳሜን ለአንድ ቀን እንድታውሰኝ ጠየቅኳት፤ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለምርጫ አልኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን እስክታለቅስ ሳቀች፤ ቀጥላም ለእህቶቿ ደውላ እነሱንም አሳቀቻቸው። የሰው ቤት ደስታ እንዲህ በቀላሉ እንደሚገኝ ያወቅኩት በእርስዎ ደንብ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፦ ለምርጫው ከዐዚዚያ ወጣ ብሎ ወደተከራያችሁት ኢስትራሃ፣ ሰርግና ድግስ ወደሚደረግበት ግቢ፣ የኢቃማዬን ፎቶ በስልኬ ይዤ መጣሁ። መዝጋቢዎ ፎቶ ኢቃማ አይደለም አለኝ። ቢሆንም እንኳ በማኅበሩ መዝገብ ወለተማርያም፣ በፎቶው ሰሊማ ስለሆንኩ ሁለት ጊዜ ልመርጥ እችላለሁ ብሎ ሰጋ። ሁለት ስም ያላት ሴት ሁለት ድምፅ እንዳትሰጥ በተደረገው ብርቱ ጥንቃቄ አንድም ሳልሰጥ ተመልሻለሁ። ከሁለት አንድ ሲቀነስ አንድ ይቀራል ብሎ ያስተማረኝን መምህር ባገኘው እጠይቀው ነበር።

ሦስተኛ፦ በአገራችን ቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው ሲኖር የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ቀርበው እገሌ ነው ብለው ይመሰክሩለታል። እኛም ያንን አስታውሰን ምስክር ይዘን ቀረብን። እርስዎ ግን የምስክሮቹን ኢቃማ ጠየቁ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሬድዋን የሚባለው ግንባታ ላይ የሚሠራው ልጅ፣ ትዕግሥቱ አልቆ «ወንድሜ፣ እኔን የሚያውቀኝ ልፈልግ፣ እሱም የሚያውቀውን ይፈልግ፣ እንዲህ እያልን አባታችን አዳም ጋ እንደርሳለን፤ እሱስ ኢቃማ አለው?» ሲልዎ፣ «ኸላስ! ሰልፉን አትዝጋ» ማለትዎ ትዝ ይለኛል። ሰልፍ በማስከበር በኩል ማንም አይደርስብዎትም።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ኮሚቴው ርኅራኄ እንዳለውም አይቻለሁና በተለይ ላመስግን። ለተጠሪነት የተወዳደሩት አቶ አምሳሉ፣ ከቢሮዎ ሥር ያለው የካርጎ ቤት ባለቤት፣ ወደ ማምሻው ገደማ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። በፌስታሉ ውስጥ የኢቃማ ኮፒ ነበር፤ እጅግ ብዙ የኢቃማ ኮፒ። ባለቤቶቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ወክለውኛል አሉ፤ እርስዎም ሥራ ክቡር ነው ብለው ተቀበሉና ኮፒዎቹን ካዝናው ውስጥ ቆለፉባቸው። በአካል ቆሜ ያሳየሁት ፎቶ ኢቃማ ሳይሆን ቀረ፣ ያልመጡት ሰዎች ኮፒ ግን ኢቃማ ሆነና መረጠ። ወደ አገሩ ዕቃ የላከ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በካርጎ ቤት ብርድ ልብስም ሆነ ቴሌቪዥን ሲላክ የኢቃማ ኮፒ ተትቶ ይኬዳል። ዕቃው ይሄዳል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ በተርሂል፣ ማለትም በስደተኛ ማባረሪያው፣ ተይዞ አገሩ ይገባል፣ ኮፒው ግን አቶ አምሳሉ ጋ ይቀራል። በማግስቱ ለግልጽነት ሲሉ የመራጮችን ስም ዝርዝር በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ስለለጠፉልን፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የጃፋርን ስም በማየት ደስ ብሎኛል። የሰፈራችን ልጅ ጃፋር ከዚህ አገር ከተባረረ ሁለት ክረምት አለፈው። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ስደውልለት «ወላሂ እኔ ያን ቀን ባቲ ገበያ ነበርኩ» ካለኝ በኋላ ጥቂት አሰብ አድርጎ ማንን እንደመረጠ ጠየቀኝ። የሚያስፈራው ነገር፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለታችንም ብዙ መሳቃችን ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ውጤቱ። እትዬ እታፈራሁ ተሸነፉ። ለማያውቋቸው አንባቢዎች፣ ዲራ ሰፈር የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት የሚሠሩ፣ ለዓመታት ተጠሪያችን የነበሩ ሴት ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ እሳቸው ግን ሲሾሙም ከራሳቸው ሲያወጡ ነበርና የሚቆጫቸው አጡ። ሰው ታሰረ፣ ሰው ታመመ፣ ሰው ጠፋ ሲባል ሄደው ፊቱን አይተው «ይህቺ የእገሌ ልጅ ናት» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አፊፋንም ገና ከበሩ ሆነው ነው ያወቋት፤ አንድ ረመዳን ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት ግራ ክንዷ ላይ ፈስሶ ጠባሳ የተወውን ቁስል ያከሙላት ራሳቸው ናቸው። አሁን ግን ማኅተም የላቸውም። ማኅተም የሌለው ሰው ጠባሳ ቢያውቅ ለሆስፒታሉ ምን ይጠቅማል?

ወደ አዲሱ ተጠሪያችን ወደ አቶ አምሳሉ በነጋታው ሄድን፤ እትዬ እታፈራሁ፣ ሬድዋንና እኔ። በትሕትና ተቀብለውናል፤ ወንበርም አቅርበውልናል። ስለ አፊፋ ነገርናቸው። «እህቴ፣ እኔ ይህቺን ልጅ አላውቃትም፤ መታወቂያ ከሌላት የእኛ መሆኗን በምን አውቃለሁ? መታወቂያዋን ታምጣ፣ ኢንሻአላህ እፈርማለሁ» አሉ። ታምጣ አሉ፣ ክቡር ሆይ። መነሳት የማትችለውን ልጅ። እኔ በዚያ ካርጎ ቤት የተደራረቡትን ብርድ ልብሶች ሳይ ቆየሁ፤ ከወጣን በኋላ መንገድ ላይ ነው ያለቀስኩት።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ስለዚህ ብሳሳት ያርሙኝ። መታወቂያ ማለት በአባቶቻችን ቋንቋ አንድ ሰው የሚታወቅበት ነገር ይመስለኝ ነበር። አፊፋ ከእኛ ዘንድ የምትታወቅበት ብዙ ነገር አላት። ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ መሸፈኗ አለ፣ አውሮፕላን መፍራቷም አለ። በእርስዎ ደንብ ግን ነገሩ ተገልብጦ አገኘሁት፤ የሚያውቋት ሰዎች መታወቂያ የላቸውም፣ መታወቂያና ማኅተም ያላቸው ሰዎች ደግሞ አያውቋትም። በዚህ መሐል አፊፋ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ተኝታለች።

እናቷ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ልጃቸው ስልኳ ተበላሽቶባት እንደሆነ ነግሬያቸው ነበር። ቀጥሎ አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ይዘዋት ሄዱ አልኩ። አሁን የምዋሸው እያለቀብኝ ነው። ባለፈው «ልጄ፣ ደህና ከሆነች ድምፅዋን ብቻ አሰሚኝ» አሉኝ። እኔም ኢንሻአላህ ብዬ ዘጋሁ። ምን ልበላቸው፣ ክቡር ሆይ? በደንቡ ውስጥ ለእናት የሚባል ነገር ካለ ይላኩልኝ።

ምርጫው ይደገም አልልም፤ ቢደገምም ያው ፌስታል ነው። ክስ አላቀርብም፤ የማቀርብበት ቦታ ቢኖር በር ላይ ኢቃማዬን ይጠይቀኛል። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ከእንግዲህ ምርጫ የሚባል ነገር አይጥራን ብለዋል። የማደርገውን ስላጣሁ ነው ያለኝን ጨዋነት ሁሉ አሟጥጬ ይህን የጻፍኩት።

እንግዲህ ዕድሜ ከጤና፣ ጤና ከጸና ኢቃማ ጋር ይስጥልኝ፤ ካፊልዎ፣ የኢቃማ ዋስዎ፣ አይክፋብዎ፣ ካርድዎ ከኪስዎ አይጥፋ፤ የወደቁ እንደሆነም (አያድርገውና) የሚያውቅዎ ሰው ባለበት ቦታ ይውደቁ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ወለተማርያም
በኢቃማዋ ሰሊማ፣ በኮሚቴው ዘንድ ማንም

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የለጠፉትን የመራጮች ዝርዝር እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት። ከታች፣ ጥቂት ስሞች ሲቀሩት፣ አፊፋ ከእነ አባቷ፣ ከእነ አያቷና ከእነ ኢቃማ ቁጥሯ ተጽፋለች፤ ከጎኗም «ድምፅ ሰጥታለች» ይላል። አምና ለእናቷ ብርድ ልብስ በአቶ አምሳሉ ካርጎ ስትልክ አብሬያት ነበርኩ፤ ኮፒውን ከመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችውም በዓይኔ እያየሁ ነው። አላውቃትም ያሉት ተጠሪያችን በእሷ ድምፅ ነው የተመረጡት። ክቡር ሆይ፣ ስሟን የሚያሳይ፣ እኛ የምናውቀው ወረቀት በዚህ ከተማ ያ ኮፒ ብቻ ነው፣ ያለውም በካዝናዎ ውስጥ ነው። ካወጡት አፊፋ ትታወቃለች፤ ምርጫውም አብሮ ይታወቃል፤ ችግርዎ ይገባኛል። ቢሆንም እናቷ ድምፅዋን እየጠበቁ ነውና፣ ተጠቅመው ከጨረሱ እባክዎ ይመልሱላት።