ግንቡን ያስመለሱት መምህርት፦ የወይዘሮ ፋሲካ ይሻው የሕይወት ታሪክ

መምህርት ፋሲካ ይሻው ከአባታቸው ከአቶ ይሻው ባዩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ዓለምነው በ1942 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ ከተማ ገብተው ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ተማሩ፤ በመምህርነት ሠልጥነውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አስተማሩ። የተጣመመ ፊደልና የተጣመመ አጥር ማየት አይወዱም፤ ሁለቱንም እንደገና ያሠሩ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ከአቶ ሙሉቀን ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ቤታቸውንና አጥራቸውን ሲሠሩ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በአቅራቢያው ካሉት የወይራ ዛፎች መካከል ከፈረሰው ጥንታዊ ግንብ ድንጋይ አመጡ። ያን ጊዜ ለምን የሚል አልነበረም። ትልቁንና ጠፍጣፋውን አባታችን በትከሻቸው ተሸክመው የበሩ ደፍ አደረጉት።

በ2009 ዓ.ም. ቦታው የቅርስ ፓርክ እንዲሆን ሲወሰን ከግንቡ የቀረው ከግማሽ በታች ነበር። ጎደሎው በብሎኬት ይሞላ ተብሎ እድሩ ሊስማማ ሲል እናታችን ተነሡ። «ድንጋዩ የት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። የኔ አጥር ውስጥ አለ፤ ኑና ውሰዱ» አሉ። ደቦ ጠርተውም አጥራቸውን አፈረሱ። የሳቀባቸው ብዙ ነው። ጎረቤታቸው ነጋዴው አቶ ጀማል ዩኑስ ግን የሱቃቸውን ደረጃ አስነቅለው በጋሪ አመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ይነቅል ጀመር። ዛሬ በዚያ ግንብ ውስጥ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያጠናሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ በቡሄ ልጆች ይጨፍራሉ። በዚህ እንኮራለን፤ ኩራታችንንም አንደብቅም።

እናታችን ያልሰጡት አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ እሱም ደፉ። አባታችን ካረፉ በኋላማ ጭራሽ የማይነካ ሆነ። ግንበኞቹ በፓርኩ በር አጠገብ ከግንቡ ላይ ቦታውን ክፍት ትተው ጠበቁ። ጎረቤት «የሰውን አስነቅለው የራስዎን ይዘው ቀሩ» እያለ ሲቀልድባቸው፣ «እሱን ሙሉቀን ነው ያስቀመጠው። እኔ ስወጣ አብሮኝ ይወጣል» ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አርፈዋል። እኛን ልጆቻቸውን መልካሙን፣ ሠናይትንና ደረጄን እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ በቃላቸው መሠረት ደፉ ይነቀላል። ከቀብር መልስ ወደ ድንኳኑ ከመግባታችን በፊት በፓርኩ በር ቆመን፣ ሲጠብቀው በኖረው ቦታ እናስገባዋለን።

የደጋጎችን ማረፊያ ያዘጋጀ አምላክ የመንግሥቱን ደጅ ይክፈትላቸው። ቤታችን ደፉን ያጣል፤ ግንቡ ግን ይሞላል።