ሄቨን አገር የጠየቀችኝ ጊዜ

ጥቅምት 9 ቀን 2003

ለመላው የቤታችን ሕዝብ፣ ለላሟም ጭምር፤ ማጭዴ ዛሬ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተስሏል። የተሳለው እንደ ወትሮው በበራችን ደፍ ድንጋይ ላይ ነው። ልጄ የሻሽወርቅ ተቃውሞዋን አሰምታለች።

"አባዬ፣ ድንጋዩን በሉት እኮ። በስተቀኝ ጎድጉዶ ውሃ ያቁራል።"

"ታዲያ ዶሮዎቹ ከየት ይጠጡ?"

አልሳቀችም። የከፋት በድንጋዩ አይደለም። ልጇ ሄቨን፣ ቤልጅየም ያለችው፣ ትምህርቷን በጥር ትጨርሳለች። ሌላ አራት ዓመት ተማሪ ብለዋታል። መልሷን ወሩ ሳያልቅ ይፈልጋሉ። የሻሽወርቅ ግን ትመለስ ባይ ናት።

"እኔን አትሰማም። እርስዎ ነይ ይበሏት።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 12

ስልክ የለም። ከደጅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ደጅ... ላሟ እንኳ ታዘበችኝ።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ደወለች። ነይ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጨዋታ አላቸው። ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን አድርገው አንድ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ይለቋቸዋል። በየጥጉ እንቆቅልሽ አለ። የፈታ ወደሚቀጥለው ጥግ ያልፋል።

"ሰፈሩ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፣ አባባ። ድፍን መንገዱ ኮብልስቶን ነው።"

"እንግዲያው ፍኖተ ሰላም ነሽ። እዚህም እያነጠፉ ነው።"

ሳቀች። እንዲህ እየሳቀች ነይ ይባላል?

"ነገሯት?" አለች የሻሽወርቅ፣ ስልኩን ሳስቀምጥ።

"ኔትወርክ" አልኳት።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ትጫወታለች። እዚያ ዝናብ ይሆን? ከቡድኗ ማን ያዋራታል? ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ።

እኛ እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል። ደንቡ ነው። ትንሽ ሳለች ተሸንፋ ቡሬን ሰጠችኝ። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ገበያ በሄድን ቁጥር መግቢያው ላይ ቆማ፣ "አባባ፣ በአገርዎ እንለፍ?" ትለኝ ነበር። ጉንጬን ካልሳመች አላሳልፍም።

ጥቅምት 21

ደወለች። የሻሽወርቅ ክንዴን ይዛ አጠገቤ ቆመች። "ዛሬ ይንገሯት" በሚል ዓይን።

"እንቆቅልሽ፣ አባባ።"

"ምን አውቅልሽ?"

"ትናንት ያየሁት ነው። የአሮጌ ቤት ደፍ። ድንጋዩ በአንድ ወገን ብቻ ጎድጉዷል። ምን አጎደጎደው? ሌሎቹ ቡድኖች ዝናብ ነው፣ የፈረስ ኮቴ ነው አሉ። እኔ ገና ሳየው አወቅሁት።"

አሰብኩ። ጣራ ጣራ አየሁ። አልመጣልኝም።

"አላውቅም፣ ልጄ።"

"እውነት?"

"ጃጀሁ።"

"አገር ይስጡኝ እንግዲያው።"

"ደምበጫን ውሰጂ።"

"አይሆንም።"

"ዱርቤቴን ከነገበያዋ።"

"አባባ..." ድምጿ ቀጠነ። "ይችን ይስጡኝ። ያለሁባትን።"

ደንብ ደንብ ነው... ሰጠኋት።

"ቢላዋ ነው" አለችኝ። "ባለቤቱ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ይስላል። ጓደኞቼን ተንበርክኬ አሳየኋቸው። ሲያጨበጭቡልኝ!" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ቡሬ ግን የእርስዎ ናት። ስመጣ አስፈቅዳለሁ።"

የሻሽወርቅ ክንዴን ለቃ ወጣች።

ጥቅምት 25

አራተኛ ቀን፤ ምሳ ይቀርብልኛል፣ ቃል አይቀርብልኝም። ማጭዴንም አልሳልኩም። ሣሩ ቆሞ ያየኛል።

ኅዳር 2

ሄቨን እቀራለሁ ብላ ፈርማለች።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ የሻሽወርቅ ደፉ ላይ ተቀምጣ የሽንኩርት ቢላዋዋን ስትስል አገኘኋት። እኔ ባጎደጎድኩት በኩል።

"በዚህ ነው ያወቀችው?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"በዚህ ነው።"

"እርስዎ ደግሞ አላወቁትም።"

"ሰው ይጃጃል።"

"ይጃጃል" አለች። ቢላዋውን በአውራ ጣቷ ሞከረችው። "ማጭድዎን ያምጡት። ላሟ ጦሟን ልታድር ነው።"

አመጣሁላት። ስላ ሰጠችኝ።

ይህን ለራሴ ልጻፈው። ጥቅምት 21 ላይ "አልመጣልኝም" ያልኩት ፈጠራ ነው። ጣራም አላየሁም። ሄቨን "በአንድ ወገን" ስትል ቀኝ እጄ ማጭድ እንደያዘ ሰው ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምራ ነበር። የሻሽወርቅ ይዛው የነበረው ያንኑ ክንዴን ነው።